ሴት ልጅን ለክለብ መስጠት

ሐዋሳ ውስጥ ኳስ የምትወድ ሴት ልጅ ባለችበት ቤት የሎዛ አበራ ስም ሳይነሳ አይቀርም። ዱራሜ ተወልዳ በሐዋሳ ከተማ ማልያ የተጫወተችው ሎዛ ወደ ደደቢት ተሻግራ በሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ተከታታይ ዋንጫ አነሳች። በስዊድኑ ኩንግስባካ፣ በአዳማ ከተማ፣ በማልታው ቢርኪርካራና በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አልፋ እ.ኤ.አ. በ2024 ለአሜሪካው ዲሲ ፓወር ፈረመች። ከጉዱማሌ እስከ አቶቴ፣ ከታቦር ግርጌ እስከ አላሙራ ታኬታ ያሰረች ታዳጊ ይህን መንገድ በቃሏ ታውቀዋለች። ወላጆቿም ያውቁታል። ስለዚህ አንድ አሰልጣኝ ቤት ድረስ መጥቶ «ልጅዎን ለክለብ ይስጡኝ» ሲል ወላጅ ቶሎ የሚታየው የመንገዱ መጨረሻ ነው። መካከሉ አይታየውም።

ቁም ነገሩ ግን መካከሉ ላይ ነው። ሎዛ ዋንጫ በዋንጫ ላይ ያነሳችበት ደደቢት ዛሬ በሊጉ የለም። ዋንጫው ክለቡን አላቆየውም፤ ተጫዋቾቹ ግን ይዘውት የሄዱት ነገር ነበራቸው፤ ችሎታቸው፣ ጤናቸውና ትምህርታቸው። በሀገራችን የሴቶች ቡድን በአንድ የበጀት ዓመት ይቋቋማል፣ በሌላው ይፈርሳል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ልጁን የሚሰጥ ወላጅ ከክለቡ ስም ይልቅ ክለቡ ነገ ባይኖር ልጄ እጅ ላይ ምን ይቀራል ብሎ ቢጠይቅ የተሻለ ይመርጣል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም ይኸው ነው፤ ማልያው የመጨረሻው ጥያቄ ይሁን፣ የመጀመሪያው ልጄ በየቀኑ ከማን ጋር ትውላለች፣ በምን ሕግስ ትተዳደራለች የሚለው።

ከመንገዱ መነሻ እንጀምር። ጉዱማሌ የሲዳማ ሕዝብ ፊቼ ጫምባላላን የሚያከብርበት የሐይቅ ዳር አደባባይ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ባሰፈረው በዚህ በዓል ሽማግሌውም ልጁም፣ ሴቱም ወንዱም አንድ ቦታ ይሰበሰባል። በቀሪው የዓመቱ ቀን በዙሪያው ባሉት ሰፈሮች ክፍት የሆነ ቦታ ሁሉ ኳስ ሜዳ ነው። የሴት ልጅ ኳስም የሚጀምረው እዚያው ነው። መጀመሪያ ከወንድሞቿ ጋር ሰው ጎድሎ ትገባለች፤ ቆይቶ ሰው ባይጎድልም ትፈለጋለች። አሥራ አንድ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት የሰፈር የታዳጊዎች ማሰልጠኛ ፕሮጀክት አሰልጣኝ ያያታል፤ ብዙ ጊዜ ይህ ሰው የስፖርት መምህር ወይም ኳስ ያቆመ ተጫዋች ነው። በአሥራ አራት ዓመቷ ጥያቄው ከሜዳ ወደ ቤት ይገባል።

እዚህ ላይ የእኛን ወላጅ ከሌላው ዓለም ወላጅ የሚለየውን ማየት ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ በአንድ ከተማ ብዙ የታዳጊ ክለቦች ይኖራሉ፤ ወላጅ በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር እየከፈለ ያማርጣል፣ ካልተስማማው ይቀይራል። ሐዋሳ ላይ ነገሩ ተገልብጦ ነው ያለው። የወንዶች ቡድኑ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያነሳው ሐዋሳ ከተማ የሴቶች ቡድኑንም በሊጉ ያሰልፋል። ወደ ደቡብ ከተሄደ ጌዴኦ ዲላና አርባ ምንጭ ከተማ አሉ። ወደ አዲስ አበባ ከታሰበ ደግሞ የስፖርት አካዳሚውና እንደ ንግድ ባንክ ያሉ ትልልቅ ክለቦች ይጠቀሳሉ። ከእነዚህ በታች ያለው ፕሮጀክትና የትምህርት ቤት ቡድን ነው። መራጩ ክለቡ ነው፤ ልጅቷ ተመራጭ። ክፍያ የለም፤ እንዲያውም ክለቡ የኪስ ገንዘብና ካምፕ ይሰጣል። ወላጁ ከፋይ ስላልሆነ የመጠየቅ መብት ያለው አይመስለውም። ግን አንድ ትልቅ ሥልጣን በእጁ አለ፤ «ገና ነው፣ ትቆይ» ማለት። ይህን ሥልጣን በቅጡ የሚጠቀምበት ጥቂት ነው።

ለምን ይጠቀምበት? መልሱን ለማግኘት በሴቶች እግር ኳስ ገንዘብ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ መመልከት ግድ ይላል።

በወንዶች እግር ኳስ አንድን ልጅ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ያሰለጠነ ክለብ ልጁ ውጭ ሀገር ሄዶ የመጀመሪያውን የፕሮፌሽናል ውል ሲፈርም የማሰልጠኛ ካሳ ያገኛል። ይህን የሚደነግገው የፊፋ የተጫዋቾች ደረጃና ዝውውር ደንብ ነው። በዚያው ደንብ ውስጥ ደግሞ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አለች፤ የማሰልጠኛ ካሳ በሴቶች እግር ኳስ ላይ ተፈጻሚ አይሆንም ትላለች። ገና በእግሩ ያልቆመውን የሴቶች ዝውውር ላለማክበድ ታስቦ ነው ይባላል። ከዝውውር ክፍያ ላይ 5 ከመቶው ተጫዋቿን ላሳደጉ ክለቦች የሚከፋፈልበት ሌላ ድንጋጌ ለሴቶችም ይሠራል፤ ግን አብዛኛዎቹ ሴት ተጫዋቾች የዝውውር ዋጋ ሳይከፈልባቸው ነው ክለብ የሚቀይሩት። ዋጋ ከሌለ የሚከፋፈል ነገር የለም።

ይህ ሩቅ ያለ ሕግ ጉዱማሌ አጠገብ ያለ ቤት ድረስ ይገባል። የ12 ዓመት ልጅ ወስዶ አራት ዓመት የሚለፋ ክለብ ድካሙን የሚያስመልስበት መንገድ አላገኘም። የደረሰች የ16 ዓመት ተጫዋች ከፕሮጀክት መውሰድ ደግሞ ምንም አያስወጣም። ስለዚህ ክለቦች ማሳደጉን ለሌላ ትተው የደረሰውን መልቀም ይቀናቸዋል። ክፋት አይደለም፤ ደንቡ ራሱ ወደዚያ ይገፋል። የልጅቷን እግር ያሰለጠነው፣ ኳስ ከኪሱ የገዛው፣ ዝናብ ሲመጣ ቤቷ ድረስ የሸኛት የፕሮጀክት አሰልጣኝ ግን ከዚህ ሁሉ ሰንሰለት ምንም አይደርሰውም። ልጅቷ ስትወሰድበት ምስጋና እንኳ ላያገኝ ይችላል። እኔ በሀገራችን የሴቶች እግር ኳስ ትልቁ በደል የምለው ይህን ነው። ብዙ ወላጅም ሳያውቀው በበደሉ ይተባበራል፤ ጥሩውን የሰፈር ፕሮጀክት «መጠባበቂያ» አድርጎ፣ ሩቅ ያለውን ክለብ «ትክክለኛው» አድርጎ ያያልና።

ሌላም አለ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በክለብ ፈቃድ አሰጣጥ ደንቡ በአህጉሩ የወንዶች ክለብ ውድድሮች ላይ መሳተፍ የሚሹ ክለቦች የሴቶች ቡድን እንዲኖራቸው ያዝዛል። መልካም ትእዛዝ ነው፤ ብዙ በር ከፍቷል። ነገር ግን በእምነት የተቋቋመ ቡድንና ለፈቃድ ተብሎ የተቋቋመ ቡድን ማልያቸው አንድ ዓይነት ቢሆንም ኑሯቸው ይለያያል። ልዩነቱ ከቢሮ አይታይም፤ ሜዳ ላይ ግን በአንድ ሳምንት ይለያል። ሴቶቹ የሚለማመዱት ወንዶቹ ከጨረሱ በኋላ በተረፈው ሰዓት ነው ወይስ የራሳቸው ሰዓት አላቸው? ከ17 ዓመት በታች ቡድን አለ ወይስ ዋናው ቡድን ብቻ? አሰልጣኙ የሴቶቹን ቡድን ለመያዝ ፈልጎ የመጣ ነው ወይስ ከወንዶቹ ሲነሳ የተመደበ? በሀገራችን ክለቦች ደመወዝ ለወራት መዘግየቱ ተደጋግሞ የሚሰማ ነገር ነው፤ ሲዘገይ መጀመሪያ የሚጎዳው የትኛው ቡድን እንደሆነ ነባር ተጫዋቾችን መጠየቅ ነው። እነሱ አይደብቁም።

ትምህርት ላይ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ባለፉት ዓመታት ክለቦችን በአንድ ከተማ እያሰባሰበ በዙር ሲካሄድ ቆይቷል፤ ሐዋሳና አዳማ ከአስተናጋጆቹ መካከል ናቸው። ለክለቡ በጀት ይጠቅማል፤ ከክልል ክልል በየሳምንቱ መጓዝ ቀርቷል። ለአሥረኛ ክፍል ተማሪ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። ወንበሯ በሴሚስተሩ እኩሌታ ላይ ለሳምንታት ባዶ ይሆናል፤ የቤት ሥራም፣ የክፍል ፈተናም ያመልጣታል። መምህሯ አንድ ጊዜ ይታገሳል፣ ሁለተኛ ጊዜ ይታገሳል፣ ከዚያ ስሟን ከዝርዝሩ መፈለግ ይተዋል። ልጅቷ ስትመለስ የሚጠብቃት የሁለት ወር ውዝፍ ትምህርት ነው፤ ለውዝፉ የሚያስጠናት ሰው ያዘጋጀ ክለብ ካለ ያ ክለብ ከነስሙ ሊመሰገን ይገባዋል።

ወላጁ የሚመልሰው መልስም አለው፤ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስደው ከግማሽ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ነበሩ። ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆነው በሚቀርበት በር ላይ ቆሞ «ትምህርት ዋስትና ነው፣ ኳስ ግን ዕድል ነው» ማለት ለልጅ የማይዋጥ ቃል ነው። ኳሱም ትምህርቱም ዕድል ሆኗል። ታዲያ ሁለቱም በር ጠባብ ከሆነ አንዱን በራስ እጅ መዝጋት ምን ይጠቅማል? ሁለቱንም በ17 ዓመቷ ያጣች ልጅ ምን እንደሚጠብቃት የሐዋሳ ሰው ለማወቅ ሩቅ አይሄድም። በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ በር ላይ በጠዋቱ የሚሰለፉትን እህቶች ያያል። ሥራው ክቡር ነው፤ ደመወዙ ግን ቤት ኪራይና ምግብ ችሎ የሚተርፍ አይደለም።

ደግሞም እግር ኳስ የሚከፍተው በር የተጫዋችነት ብቻ አይደለም። ሊዲያ ታፈሰ በሙያዋ ፋርማሲስት ናት፤ በፊሽካዋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2019 የሴቶች ዓለም ዋንጫ ላይ ዳኝታለች። መሠረት ማኔ በወንዶች ፕሪሚየር ሊግ ድሬዳዋ ከተማን አሰልጥናለች። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲም የስፖርት ሳይንስ ያስተምራል። ጉልበቷ በ22 ዓመቷ ቢከዳት እንኳ ትምህርቷን የያዘች ልጅ ከኳሱ ዓለም አትወጣም፤ አሰልጣኝ፣ ዳኛ፣ የሕክምና ባለሙያ፣ ጋዜጠኛ ሆና ትቀጥላለች። ስለዚህ ክለቡን በቀጥታ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ «ኮች፣ ውድድር ከትምህርት ጋር ሲጋጭ ምን ታደርጋላችሁ? ባለፈው ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል የነበሩት ልጆቻችሁ ፈተና ተፈተኑ?» መልሱ «ይታያል» ከሆነ አልታየም ማለት ነው።

ጉልበት ካነሳን አይቀር፣ ወላጅ በጣም የሚዘነጋው የልጅቷን አካል ነው። ከአሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ዓመት በኋላ የሴት ልጅ ሰውነት በፍጥነት ይለወጣል፤ ቁመቷ ይጨምራል፣ ክብደቷ ይጨምራል፣ የዳሌዋና የጉልበቷ አቀማመጥ ይቀየራል። በእግር ኳስ የፊት መስቀለኛ የጉልበት ጅማት መበጠስ በሴቶች ላይ ከወንዶች ሁለት እጥፍና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ይህ ጉዳት የደረሰባት ተጫዋች ቀዶ ሕክምና አግኝታ እንኳ ወደ ሜዳ ለመመለስ ዘጠኝ ወርና ከዚያ በላይ ያስፈልጋታል፤ ሕክምናው በቀላሉ በማይገኝበት ሀገር ደግሞ ብዙ ጊዜ የኳሷ ማብቂያ ነው።

መከላከያው ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ኖርዌይ ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ ሴት ታዳጊዎች ላይ 125 ክለቦችና 1,892 ተጫዋቾች የተካተቱበት ጥናት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2008 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ዛሬ ፊፋ 11 ፕላስ በመባል የሚታወቀውን የ20 ደቂቃ ማሟሟቂያ በቋሚነት የሠሩት ቡድኖች ከባድ ጉዳት በግማሽ ገደማ ቀንሶላቸዋል። ሩጫ፣ በአንድ እግር መቆም፣ ጉልበትን ወደ ውስጥ ሳያጥፉ መዝለልና ማረፍ፣ የሆድና የጀርባ ጡንቻ ማጠንከር፤ ከኳስና ከሜዳ በስተቀር ዕቃ አይፈልግም። ስለዚህ ወላጅ የአንድን አሰልጣኝ ዕውቀት ለመመዘን ጨዋታ ማየት አያስፈልገውም። ልምምድ ሲጀመር ይምጣና የመጀመሪያውን 20 ደቂቃ ይመልከት። ልጆቹ ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞረው በቀጥታ ወደ ጨዋታ ከገቡ ያ አሰልጣኝ ምንም ያህል ዋንጫ ቢኖረው ስለ ሴት ልጅ ጉልበት አልተማረም። አንዲት ልጅ ስትጎዳ የሚሆነውንም ያስተውል። ወጌሻ አሽቶ በዚያው ሰዓት የሚመልሳት ከሆነ አደጋ አለ፤ «ተቀመጪ፣ ሐኪም ይይሽ» የሚባል ከሆነ ያ ቤት ጤናማ ነው።

ልጅ ምን ያህል ልምምድ ይበቃታል የሚለውም ወላጅን ያስጨንቃል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር ልጅን ከ15 እና 16 ዓመት በፊት በአንድ ስፖርት ብቻ መወሰን ይዘግይ፣ በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ዕረፍት ይኑር ይላል። የ12 ዓመት ልጅ በሳምንት ስድስት ቀን ማሠራት ትጋት ይመስላል፤ ግን ልጅቷን በ17 ዓመቷ ኳስ የምትጠላ ሊያደርጋት ይችላል። አትሌቲክስም፣ መረብ ኳስም፣ በሐይቁ ዳር መሮጥም ለእግር ኳሷ ይጠቅማታል።

ብዙ አባት በአፉ የማያነሳው ነገርም አለ። ልጃገረዶች ኳስን ዝም ብለው የሚተዉት በአብዛኛው በአሥራ ሦስትና በአሥራ አምስት ዓመት መካከል ነው፤ ሰበቡ ብዙ ጊዜ ከችሎታ ጋር አይገናኝም። ሜዳው መጸዳጃ ቤት የለውም። ልብስ መቀየሪያ የለም። የወር አበባ ሲመጣ ሞዴስ የሚያቀርብ የለም፣ የሚነገረውም ሰው ወንድ ብቻ ነው። ነጭ ቁምጣ የሚያስለብስ ቡድን ይህን አስቦ አያውቅም። እናት መጥታ ስለ መጸዳጃ ቤት ብትጠይቅ ማንም አሳንሶ ሊያያት አይገባም፤ ይህ ጥያቄ ከአጨዋወት ስልት ጥያቄ ይበልጣል።

ከሁሉ በላይ ያለው ግን ደኅንነት ነው፤ በዚህ ላይ ረጋ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ።

ቀድሞ የአሜሪካ ተጠባባቂ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ሳሊ ዬትስ በሀገሪቱ የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ ላይ ያካሄዱት ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ሆነ። ሪፖርቱ በአሰልጣኞች የሚፈጸም ስድብና ማዋረድ፣ ወሲባዊ ትንኮሳና ጥቃት ሥር የሰደደ መሆኑን አሳየ። ሁለት ነገሮች ለእኛ ይጠቅማሉ። አንደኛ፣ ችግሩ የጀመረው በፕሮፌሽናል ደረጃ አልነበረም፤ ሥሩ በታዳጊ ክለቦች ውስጥ ነበር፣ ልጆቹ ስድብንና ማስፈራራትን የሥልጠና አካል አድርገው እንዲቀበሉ ተደርገው አድገዋል። ሁለተኛ፣ ጥፋተኛ አሰልጣኞች ዝም ተብለው ከአንዱ ክለብ ወደ ሌላው ይዛወሩ ነበር። ከሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ የአፍጋኒስታን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበረው ኬራሙዲን ካሪም በሴት ተጫዋቾች ላይ ባደረሰው በደል ፊፋ ዕድሜ ልክ አግዶታል። ሀብታም ሀገር፣ ድሃ ሀገር፣ ሃይማኖተኛ ሀገር ሳይል የሚደርስ ነገር ነው። እኛ ዘንድ የለም የሚል ሰው ልጆቻችንን አይጠብቅም።

እኛ ጋር ችግሩን የሚያከብደው ይሉኝታ ነው። አሰልጣኙ ልጃችንን በነጻ አሠለጠነ፣ ታኬታ ገዛላት፣ ስሟ በሬዲዮ እንዲጠራ አደረገ። እንዲህ ያለውን ሰው «ሆቴል ውስጥ ማን ከማን ጋር ያድራል?» ብሎ መጠየቅ ውለታ መብላት ይመስላል። አይደለም። ጥሩ አሰልጣኝ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም፤ ይልቁንም ከሐሜት ስለሚጠብቀው ይወደዋል። የሚቀየም ከሆነ ያ ራሱ መልስ ነው። ቡድኑ ከከተማ ሲወጣ ሴት ቡድን መሪ ወይም ሴት አሰልጣኝ አብራ ትሄዳለች? አሰልጣኙ ለታዳጊ ልጅ ማታ ስልክ ይደውላል፣ ለብቻዋ መልእክት ይልካል ወይስ ሁሉም ነገር ወላጅ ባለበት የጋራ የመልእክት ግሩፕ ላይ ይጻፋል? ልጅቷ አንድ ነገር ቢደርስባት ለማን ትናገራለች፣ ያ ሰው ከአሰልጣኙ በላይ ሥልጣን አለው? ልምምድ ለወላጅ ክፍት ነው? ከዚህ በፊት የሠራበት ክለብ ለምን ለቀቀ? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለቀድሞው ክለብም ማቅረብ ይገባል።

ስድብንም አንናቅ። «ወንዳወንድ»፣ «ወፍራም»፣ «ደደብ» እየተባለች የምትሠለጥን ልጅ ጠንካራ ትሆናለች የሚለው እምነት በእኛ ሜዳዎች የተለመደ ነው። በዬትስ ሪፖርት ላይ የታየው መንገድም እንዲህ ነው የጀመረው፤ ቀስ በቀስ የተጫዋቾቹ «አይሆንም» የማለት አቅም ተሸረሸረ። ስለዚህ ከመስመሩ ውጭ ቆሞ የአሰልጣኙን አፍ ማዳመጥ ወላጅ ሊያደርገው ከሚችለው ምርጥ ምርመራ አንዱ ነው። ልጆቹ ሲሳሳቱ ምን ይላቸዋል? የተቀያሪ ወንበር ላይ ያሉት ወደ እሱ ሲያዩ ፊታቸው ምን ይመስላል?

እነዚህን ጥያቄዎች አንድ ወላጅ ብቻውን ሲጠይቅ «አስቸጋሪ» ይባላል። አሥር ወላጆች ሲጠይቁ ደንብ ይሆናል። የሲዳማ ሴቶች መብታቸው ሲደፈር ተሰባስበው ወጥተው ጥፋተኛውን የሚያስጠይቁበት ያካ የሚባል ነባር ሥርዓት አላቸው። ያካ የቆመበት ሐሳብ በአንዲት ሴት ላይ የደረሰ በደል የሁሉም ጉዳይ ነው የሚል ነው። የታዳጊ ተጫዋቾች እናቶች ከዚህ የሚቀርብ ሞዴል ከሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልጋቸውም። አንድ ፕሮጀክት ውስጥ ያሉ እናቶች ተራ ገብተው አንዷ ልምምድ ላይ ብትገኝ፣ ሌላዋ ጉዞ ላይ ብትሄድ ብዙ ነገር ከመድረሱ በፊት ይቆማል።

ከዚህ በኋላ ወረቀት ይመጣል። በቤተሰብ ሕጋችን ዕድሜዋ 18 ያልሞላ ልጅ አካለ መጠን አልደረሰችም፤ ውል የሚፈርምላት ወላጅ ወይም ሞግዚት ነው። ስለዚህ ፊርማው ላይ ያለው ኃላፊነት የወላጅ ነው፣ «እሷ ፈረመች» ማለት አይቻልም። የፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከሦስት ዓመት የሚበልጥ ውል እንዳይፈርም ይከለክላል፤ ከዚያ የሚረዝም ከቀረበ ወረቀቱን መመለስ ነው። ውሉ ኮፒ ይሰጥ፤ በቃል «ለትምህርቷ እናስባለን» የተባለው በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ስትጎዳ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ይስፈር፤ መልቀቂያ በምን ሁኔታ እንደሚሰጥ ይታወቅ። ብዙ ጥሩ ተጫዋች በመልቀቂያ ክርክር አንድ ዓመት ከሜዳ ውጭ ቆማለች።

ዕድሜዋን የሚነካ ሐሳብ ካመጡ ደግሞ በዚያው ቀን ነገሩ ማብቃት አለበት። «ሁለት ዓመት እንቀንስላት፣ ከ17 ዓመት በታች ትመረጣለች» የሚል ሰው የልጅቷን የልደት ሰርተፊኬት፣ የትምህርት ማስረጃዋንና በኋላ የምታወጣውን ፓስፖርት አንድ ላይ የሚያጣላ ነገር እየሠራ ነው። ሲጋለጥ የሚቀጣው እሱ አይደለም፤ እሷ ናት። ከሌላ ሀገር ለታዳጊ ልጅ ክለብ አለ የሚል ደላላ ቢመጣም መልሱ አጭር ነው። ፊፋ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ተጫዋቾች ከሀገር ሀገር እንዳይዛወሩ በመርህ ደረጃ ከልክሏል፤ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም ከሐዋሳ ብቻዋን የምትላክ የ15 ዓመት ልጅ ከእነሱ ውስጥ አትገባም።

ማሸነፍን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ቡድን ተቀያሪ ወንበር ላይ ሁለት ዓመት የተቀመጠች ልጅ፣ በሚሸነፍ ቡድን ውስጥ በየሳምንቱ 90 ደቂቃ ከተጫወተችው እኩያዋ ወደኋላ ትቀራለች። የታዳጊ ተጫዋች ትምህርት ቤቷ ጨዋታ ነው።

ልጅቷን መጠየቅም አይቀርም። በቤታችን ሁሉም ሰው ስለ ሴት ልጅ ኳስ አስተያየት ይሰጣል፤ አያት «ጉልበቷ ይታይ?» ትላለች፣ አጎት «ሎዛ ትሆናለች» ይላል፣ ጎረቤት ያማል። ልጅቷ ግን የምትፈልገው ምናልባት ከጓደኞቿ ጋር መጫወት ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህም ትክክለኛ ምክንያት ነው፤ ለዚያ ጥሩ ፕሮጀክት ይበቃል፣ ካምፕ አያስፈልግም። ካምፕ ገብታ ለመኖር፣ ማልያ ለማግኘት፣ ኳስን ሥራዋ ለማድረግ የምትፈልግ ከሆነ ደግሞ ምኞቷን ከልብ መቀበል ይገባል። የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ሉሲዎቹ እ.ኤ.አ. በ2004 በደቡብ አፍሪካው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮና አራተኛ ሆነው ሲጨርሱ፣ ንግድ ባንክ በ2024 የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ማጣሪያን አሸንፎ ሞሮኮ ላይ ለአህጉራዊው የሴቶች ቻምፒዮንስ ሊግ ሲደርስ፣ የደረሱበት በእንዲህ ዓይነት ልጆች ምኞት ነው። ወላጅ እኔ ባይ ካልሆነ፣ ልጅቷ ራሷ የምትሰጠው መልስ ከየትኛውም የክለብ ስም የበለጠ ይመራዋል።

የእኔ ምክር ግልጽ ነው። እስከ 15 ዓመቷ ድረስ ቤቷ ሆና፣ ትምህርቷን ይዛ፣ በእግር ወይም በባጃጅ በምትደርስበት ጥሩ የፕሮጀክት አሰልጣኝ ሥር ትቆይ። ሐዋሳ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ፤ መፈለግና መደገፍ ነው፤ ኳስና ታኬታ መግዛት፣ ለሜዳው ከቀበሌ ጋር መነጋገር፣ ለጉዞ መኪና መፈለግ። ከዚያ በኋላ ክለብ ሲመጣ ከላይ ያነሳኋቸውን ጥያቄዎች ይዞ መቀመጥ ይቻላል፤ ያኔ ልጅቷም ለራሷ መናገር ትችላለች።

የቀረው የፌዴሬሽኑ ሥራ ነው። የፊፋ ደንብ ብሔራዊ ፌዴሬሽኖች በሀገር ውስጥ ዝውውር ታዳጊዎችን ያሠለጠኑ ክለቦች የሚካሱበት ሥርዓት እንዲዘረጉ ይጠይቃል። ስለዚህ የማሰልጠኛ ካሳ በዓለም አቀፍ ዝውውር ለሴቶች አለመሥራቱ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በሀገር ውስጥ የራሱን ሥርዓት እንዳያበጅ አይከለክለውም። አንድ የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ክለብ ታዳጊ ሲያስፈርም ያሳደጋትን ፕሮጀክት ስም በውሉ ላይ ቢያሰፍርና ትንሽም ቢሆን የተወሰነ ክፍያ ቢከፍል፣ የ12 ዓመት ልጆችን የሚይዙ አሰልጣኞች ቁጥር ይጨምራል፤ ወላጅም ከአንድ ክለብ በላይ ምርጫ ያገኛል። የሐዋሳ ወላጆች በዚህ ዓመት ልጆቻቸውን ሲያስመዘግቡ ይህንኑ በጽሑፍ ለከተማውና ለሲዳማ ክልል እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሊያቀርቡ ይችላሉ።